ለአባትሽ የምትልኪው ኮረንቲ

ልጄ፣ በስልክ ያልሽኝን በደንብ ሰምቻለሁ። ያኔውኑ መልስ ያልሰጠሁሽ ነገሩን ንቄው አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። በድሬሰርነት ጀምሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ያገለገልኩ ሰው ብሆንም፣ አንቺ የምትይው ዓይነት ማሽን በእኔ የሥራ ዘመን ሞላሌ ደጅ አልደረሰም። ስለዚህ የሚያውቁትን ጠየቅኩ፣ ልጆቹ ከኢንተርኔት ያወጡልኝን በመነጽሬ እየታገልኩ አነበብኩ፤ አሁን የምልሽ አለኝ።

ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያን በምትንከባከቢበት ቤት፣ አንድ ስትሮክ የመታው ሽማግሌ ከጉልበቱ በታች ቀበቶ መሳይ ነገር አስሮ ሲራመድ አይተሻል። «ለአባቴ ገዝቼ ልላክ ወይ?» ነው ጥያቄሽ። ላኪ። ማሽኑ ሞላሌ ሲደርስ ግን የሚቀበለው ቤት አስቀድሞ መሰናዳት አለበት። ያለበለዚያ ያን ሁሉ ሌሊት ቆመሽ ያገኘሽው ብር ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከነካርቶኑ ይቀመጣል። ብዙ ቤት እንዲህ ተቀምጦ አይቻለሁና ነው።

አባትሽን ሰፈሩ «መጋኛ መታው» ይላል። ይበል። የሆነው ግን ይህ ነው፤ ለግራ አንጎሉ ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘጋ፣ የግራው አንጎል ደግሞ ቀኝ ጎንን ስለሚያዝ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። እግሩ አልሞተም። ነርቩም ጡንቻውም አለ፤ የጠፋው ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ነው። በቀደም ቤት ስገባ ጫማውን አንስቼ አገላብጬ አየሁት። የግራው ደህና ነው። የቀኙ አፍንጫ ግን ተፍቆ ተፍቆ አውራ ጣቱ ብቅ ሊል ምንም አልቀረው። ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት ስለማይችል መሬቱን እየጠረገ ይሄዳል፤ እንዳይደናቀፍ ሲል ደግሞ እግሩን ከዳሌው አዙሮ ወደ ጎን ይወረውራል። አገሩን ታውቂዋለሽ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ፣ ድንጋዩ ከአፈሩ የሚበልጥ፣ ጠዋት ውርጭ የሚያንሸራትት አገር ነው። በእንዲህ ያለ እግር ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ለእሱ ሙሉ ዘመቻ ሆኖበታል።

የምታስቢው ቀበቶ ሥራው ይኸው የወደቀ እግር ላይ ነው። ከጉልበት በታች፣ ወደ ውጭ በኩል፣ በጣት ብትዳስሺ የምታገኚያት ትንሽ የአጥንት እብጠት አለች፤ ጣትን ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ነርቭ በእሷ ሥር ዞሮ ያልፋል፣ ለቆዳም ቅርብ ነው። ቀበቶው እዚያ ላይ ሁለት ልጣፍ ያሳርፋል። ተረከዙ ከመሬት ሲነሳ ማሽኑ ያውቅና በሺሕኛ አምፔር የሚለካ ደካማ ኮረንቲ በሰከንድ ከ20 እስከ 50 ጊዜ እየቆራረጠ ይለቃል። ነርቩ ይነቃል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ጣቶቹ ቀና ይላሉ። ተረከዙ ተመልሶ ሲያርፍ ኮረንቲው ያቆማል። ይኸው ነው፤ ተአምርም አስማትም የለበትም። ዘዴውን ሊበርሰን የሚባል ሐኪም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 ጫማ ውስጥ በተቀበረ ማብሪያ ማጥፊያ አሳይቶታል። የእንግሊዞች የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2009 ለወደቀ እግር እንዲውል ከፈቀደው ቆይቷል። አዲስ የሆነው ማነሱና በቤት ውስጥ መታሰሩ ነው እንጂ ሐሳቡ የእኔን ያህል ሸምግሏል።

በዚህ ነገር እምዬ ምኒልክ ትዝ ይሉኛል። የሸዋ ነገሥታት ግንድ ከመንዝ ነው እያልን ስንኮራ፣ የኚያን ታላቅ ሰው የመጨረሻ ዓመታት ብዙም አናነሳም። ደጋግሞ የመታቸው ስትሮክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጨርሶ አልጋ ላይ ጣላቸው። አካላቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ታሰረ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ አራት ዓመት ያህል እንዲያው ቆዩ። የአውሮፓ ሐኪም አልጠፋም፣ ጠበልና ጸሎቱም አልተጓደለም። ቤተ መንግሥታቸውን በኮረንቲ ያስበሩ ንጉሥ ነበሩ፤ ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪምም ኮረንቲ ጡንቻን እንደሚያንቀሳቅስ እ.ኤ.አ. በ1855 ጽፎ ነበር። ግን የሕመምተኛው አንጎል በሥራ ብዛት እንደገና ይማራል የሚል ሐሳብ ገና ስላልጎለመሰ፣ የተመታ ሰው ዕጣው መተኛት፣ የቤተሰቡ ዕጣ ደግሞ ማስታመም ብቻ ነበር። ለንጉሥ ያልተገኘው ዛሬ ለአንድ የሞላሌ ገበሬ ሊላክ ነው፤ ተመስገን።

አሁን ወደ እጁ ልምጣ፤ የእጁ ነገር ከእግሩ ይከብዳልና። ከአንጎል ተነስቶ በአንገት አልፎ እስከ ልብና ሆድ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። አሜሪካኖች ቪቪስቲም የሚባል፣ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ ሠርተው ከዚህ ነርቭ ጋር አያያዙት፤ የአገሩ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ፈቀደው። አሠራሩ ከእግሩ ቀበቶ ይለያል፤ እጁን አያንቀሳቅስለትም። ሰውየው ራሱ እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ በዚያችው ቅጽበት ለግማሽ ሰከንድ ነርቩን ይነካውና አንጎል ያን እንቅስቃሴ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል። ቤት ሲገባ ሕመምተኛው ልምምዱን ሊጀምር ሲል ማግኔት ደረቱ ላይ ያሳልፍና ራሱ ያስነሳዋል።

የተሞከረበትን መንገድ ልብ ብለሽ ስሚ። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ 108 ሰዎች ላይ ነው፤ ስትሮክ ከመታቸው ከ9 ወር እስከ 10 ዓመት የቆዩ ሰዎች። ለሁሉም መሣሪያው ተቀበረላቸው። ግማሾቹ እውነተኛውን ንዝረት፣ ግማሾቹ የይስሙላውን አገኙ። ሁሉም ግን ለ6 ሳምንት፣ በአንድ ቀን ልምምድ ከ300 ጊዜ በላይ እጃቸውን ሲያንሱ፣ ሲጨብጡ፣ ሲያገላብጡ ሰነበቱ። 66 ነጥብ ባለው መለኪያ እውነተኛውን ያገኙት በአማካይ 5 ነጥብ ተሻሻሉ፤ የይስሙላው ደግሞ 2.4። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ዓመታት ያለፈው እጅም መሻሻል ይችላል፤ «ከስድስት ወር ወዲያ ተስፋ የለውም» ያለሽ ሰው ካለ አትስሚው። ሁለተኛ፣ የይስሙላው ወገንም ተሻሽሏል፤ ያሻሻለውም ያው ድካሙ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ኮረንቲው ጎረቤት ነው፤ ጮኸው ሲጠሩት ይመጣል፣ ዝም ብለው ተኝተው ቢጠብቁት ግን አይመጣም።

ሳይቀበር ጆሮ ላይ ብቻ እየተሰካ ይህንኑ ነርቭ የሚነካ መሣሪያም አለ፤ ጆሮ ውስጥ የዚያ ነርቭ ቅርንጫፍ አለና። እንግሊዝ አገር በሼፊልድ የሚመራ፣ 243 ሰዎች እንዲያካትት የታቀደ ጥናት ተጀምሮለታል። እሱን ግን አትግዢ፤ የሌሎች ሰዎች ድካም ይለይልንና ያን ጊዜ እንነጋገራለን። የሚቀበረውም ቀዶ ሕክምና ነው፣ ክትትል ይፈልጋል፤ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን። ለአባትሽ የእግሩ ቀበቶ ይበቃዋል። ለእጁ መድኃኒቱ እዚሁ ቤታችን አለ፤ ችግሩ እኛው ራሳችን በፍቅር መዝጋታችን ነው።

እንዴት በይኝ። እናትሽን አልወቅስም፤ እንደ እሷ ያለ አስታማሚ የለም። ግን ማዕድ ሲቀርብ ተመልከቻት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። በግራ መብላት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ በግራው ላለመቁረስ ሲል ከገበታው ሸሸት ብሎ ይቀመጣል። እሷ ታዲያ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስኪጠግብ። ከፍትፍቱ ፊቱ ነውና እሱም ፊቷን አይቶ ይበላል። ውኃውን ትይዝለታለች፣ ኩታውን ታለብሰዋለች፣ አዝራሩን ትቆልፍለታለች። በዚህ መሐል ቀኝ እጁ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሥራ ሳይሠራ ውሎ ያድራል። ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያስተዋለው ይህንን ነው፤ የተመታው እጅ መጀመሪያ ስላልቻለ ይቀመጣል፣ በኋላ ግን መቻል ሲጀምርም መቀመጡን ስለለመደ አይነሳም። መፍትሔው ጨካኝ ይመስላል፤ ደህናውን እጅ ጓንት አልብሶ ማሰርና የደከመውን ማሠራት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሁለት ሳምንት እንዲህ ያደረጉት ከዓመት በኋላም ከሌሎቹ የተሻለ እጅ እንዳላቸው አሳይቷል። የሚሆነው ግን ጣቱንና አንጓውን ጥቂትም ቢሆን ማንሳት ለሚችል ሰው ነው። አባትሽ ይችላል፤ አስነስቼ አይቻለሁ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች።

ስለዚህ ለእናትሽ ስትደውዪ «እማዬ፣ አታጉርሺው» በያት። ከእኔ አፍ ሲወጣ ጭካኔ ይመስላታል፣ ከልጇ ሲመጣ ትሰማለች። ጉርሻው ጨርሶ ይቅር አላልኩም፤ ለበዓል፣ ለፍቅር አንድ ጉርሻ ማን ይከለክላል? የቀረውን ግን በቀኙ ይሞክር። እንጀራው ወፍራም ተደርጎ ይጠቅለልና ቀኝ እጁ ውስጥ ይግባ፣ እሷ ክርኑን ከሥር ትደግፍ፣ አፉ ድረስ ያድርስ። ይፈሳል። ይፍሰስ። የባቄላ እሸት ሲደርስ የሚፈለፈለው በእሱ ቀኝ እጅ ይሁን። የታጠበ የበግ ጠጉር በጣቱ እየለያየ ያዘጋጅላት፤ የመንዝ ሰው ባና የሚሠራበት ጠጉር እንደሁ ከቤት አይጠፋም።

አንድ ሌላ ነገር አስቤለታለሁ፣ እሱም ደስ ብሎታል። መቁጠሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወርኩለት። 41 እግዚኦታ ሲያደርስ እያንዳንዷን ፍሬ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያሳልፋል። በቀን ሰባት ጊዜ ቢያደርስ 287 እንቅስቃሴ ነው፤ እነዚያ የተማሩ ሐኪሞች ከሚያስቆጥሩት 300 ጋር ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። የእነሱ ልምምድ ክንዱንም ትከሻውንም ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ግን አባትሽ ጸልይ እንጂ ስፖርት ሥራ የሚሉት ሰው አይደለም፤ በሚወደው በኩል መግባት ይሻላል። አንጎሉ የሚሠራው ተርማ በር ላይ መንገድ ሲናድ ሰው እንደሚያደርገው ነው፤ ዋናው ሲዘጋ በጎን በኩል ይሄዳል፣ ብዙ እግር ሲረግጠው ያቺ የጎን መንገድ መንገድ ትሆናለች። ያልተረገጠች እንደሆነ ሣር ይበቅልባታል።

የአካባቢያችን ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እጅ ይዞ መጎተት ይወዳል፤ አባትሽን ደግሞ ከመቀመጫው ሲያነሱት በቀኝ እጁ ስበው ነው። ይህን አስቁሚልኝ። የደከመ ትከሻ በጡንቻ ስላልተያዘ አጥንቱ ከቦታው ወለቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ልምምዱን ሁሉ ያስጠላዋል። በወገቡ ይያዝ እንጂ በእጁ አይጎተት።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ማሽን ስንጠብቅ ኪኒኑን እንዳንጥል ነው። አባትሽን የጣለው ደም ግፊት ነው። ግፊት አያሳክክ፣ አያቃጥል፤ ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። እሱ ደግሞ «ራሴን ሲያመኝ እወስዳለሁ» ይላል፤ ጾም ሲገባ ይተዋል፣ ጠበል ሲጀምር ይተዋል፣ ደህና ሲሆን ይተዋል። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ የሚኖር ሰው ሁለተኛውን ስትሮክ በሩ ላይ አቁሞ ነው የሚኖረው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል። በቀን አንዴ የሚዋጠው የግፊቱ ኪኒን አምሎዲፒን ከምትልኪው ማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን ማሽኑ የማያደርገውን ያደርጋል። ጨው ይቀነስ፣ አረቄውም ይቅር። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም የምጠመቅ ሰው ነኝ፤ ኪኒኑን ውጦ ይጠመቅ። በዚህ ብርድ ግን በማለዳ ተሸክመው አውርደው እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳያቆሙት።

ከአሜሪካ አስፕሪን እንዳትልኪ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሥር በመዘጋትና ሥር በመፈንዳት። ለተዘጋው የሚጠቅመው ለፈነዳው ይጎዳል፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይታወቅም፣ ሲቲ ስካን ነው የሚለየው። ለአባትሽ ሐኪሙ ያዘዘለትን አምጥቻለሁ፤ ያው ይበቃዋል። «ለማንኛውም» እየተባለ ከውጭ የሚመጣ ኪኒን ስንት ቤት አፍርሷል።

የማሽኑን አስተሳሰር የሚያሳየን ሰው ጉዳይ ነው ዋናው። እዚህ እኔ አለሁ ብዬ አልመጻደቅም። ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ወስደን ፊዚዮቴራፒስት ያየው ዘንድ ይገባል። መንገዱን ታውቂያለሽ፤ ከሞላሌ በመዘዞ፣ በተርማ በር፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ለእሱ ድካም ነው፤ ግን አንዴ ቦታው በትክክል ከተገኘ ልጣፉ የሚያርፍበትን በእስክሪብቶ ከበን ምልክት እናደርጋለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ ቤት ውስጥ እናስራለን። ሁለት ጣት ያህል ወዲያ ወዲህ ቢል እግሩ በመነሳት ፈንታ ወደ ውጭ ይጣመምበታል። አንዴ ሄደን መመለስም አይበቃም። ህንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች 1,250 የስትሮክ ሕሙማን ላይ ሞክረው ነበር፤ ቤተሰብን ሆስፒታል ውስጥ አሠልጥኖ የቀረውን ለእሱ መተው ነው ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተለየ ነገር አልታየም። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ እኛም ያቀድነው ያንኑ ነበርና። ሳስበው ግን የገባኝ፣ ቤተሰብ ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን አንዴ አሳይተውት የተተወ ቤተሰብ ብቻውን አይዘልቅም ማለት ይመስለኛል። ስለዚህ ተመልሰን የምንታይበትን ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብረሽ አስቢው። ሁሉንም ብር ማሽን ላይ ካዋልሽው ለመኪናው አይተርፍም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልጨምር፤ ይህ የጤና ጣቢያ ሰው ነገር ነው፣ ታገሺኝ። እናትሽ እግሩን በየማታው በቅቤ ታሸዋለች። ጥሩ ነው፣ መታሸቱን እወደዋለሁ። ግን ቅቤ ያለበት ቆዳ ላይ ልጣፍ ከተለጠፈ ኮረንቲው አያልፍም፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ያቃጥላል። ጠዋት በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ይታሰር። ከተፈታ በኋላ ቆዳውን እናያለን፤ የቀላ ከሆነና ቶሎ ካልጠፋ በማግስቱ አይታሰርም። ቀኝ እግሩ ላይ ያለው ስሜት ስለቀነሰ «አላመመኝም» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም፣ ዓይን ነው የሚፈርደው። ታስሮ አይተኛም። ልብ ላይ፣ አንገት ፊት ለፊት፣ ቁስል ላይ አይለጠፍም። የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን የተቀበረለት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም እግሩ ላይ ደም የረጋበት ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት አያስረውም።

ይህን የመጨረሻውን የምለው ለአባትሽ ብዬ አይደለም፣ ለጎረቤቱ ነው። ማሽኑ ሞላሌ በገባ በሳምንቱ ግማሹ አገር ሊዋስ እንደሚመጣ አትጠራጠሪ። ጉልበቱን ያመመው ይመጣል፣ ወገቡን ያመመው ይመጣል፣ ጓያ የሰበረው ሁሉ ይመጣል። የጓያ ስብራት ሌላ ነገር ነው፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት ያጠኑት፣ ሁለቱንም እግር የሚያደርቅ ሕመም ነው። ይህ ቀበቶ ለእሱ አልተሠራም። እናትሽ እምቢ ማለት አትችልም፣ ታውቂያታለሽ። «ሐኪሙ ከልክሏል» ብላ በእኔ ታሳብብ፤ እኔ እጣላቸዋለሁ፣ እርጅናዬን አይተው ይቅር ይሉኛል።

ከመግዛትሽ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። በስልክ ላይ «በሁለት ሳምንት ሽባ ያስነሳል» እያለ የሚሸጠውን አይቼዋለሁ፤ አንዱን የሰፈራችን ልጅም አጭበርብሮታል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኸው ነው። እግር ላይ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ የእግር መውደቅን አያነሳም፤ ሕመም ለማስታገስ ብቻ የተሠራ ንዝረት አለ፣ ዋጋው ይረክሳል፣ እርምጃን ግን አያውቅም። አንቺ የምትሠሪበት ቤት ያለውን ፊዚዮቴራፒስት ጠይቂ፤ ተረከዙ ሲነሳ ራሱ የሚነሳ፣ ለስትሮክ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጥልሽ። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ልጣፉ ግን በሳምንታት ውስጥ ማጣበቁን ይተዋል፣ በእኛ አቧራና ብርድ ደግሞ ቶሎ። እዚህ የሚገኝ ነገር አይደለምና የዓመት ልጣፍ አብሮ ይምጣ፤ ለዚያ ካልበቃሽ ማሽኑም ይቆይ። በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ በሶላር እንሞላዋለን።

ስለ ልቡም ልንገርሽ፣ ለአንቺ አይነግርሽምና። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሢሦ ያህሉ በድብርት ይያዛሉ ይባላል፤ አባትሽም ከሰንበቴ ቀርቷል፣ ለቅሶም አይደርስም። እግሩ ብቻ አይደለም፣ እንዲያዩት አይፈልግም። «ማሽን እልክልሃለሁ፣ እንደ ድሮህ ትሆናለህ» ብለሽ እንዳትነግሪው፤ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ቀበቶው ሲፈታ እግሩ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወድቃል፤ በጥቂቶች ላይ ልምዱ ይቀራል፣ በብዙዎቹ መታሰሩ ነው የሚያራምዳቸው። እሱ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው እንጂ። እኔ ጠይቄዋለሁ። መራመድ አላለኝም። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፣ ከዚያ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ነው ያለኝ። ከዚያ የሚበልጥ መለኪያ ነጥብ የትም አላነበብኩም፤ ሐኪሙም ልምምዱን ከዚህ ፍላጎቱ ያስጀምርለት።

አበበ ቢቂላን አስታውሺ፤ እሱም የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። የእሱ ጉዳት የአከርካሪ ነበር፣ ስትሮክ አልነበረም፤ በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ነሳው። በባዶ እግሩ ሮም ላይ ዓለምን የቀደመ ሰው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገብቶ በቀረለት እጁ ቀስት መወርወር ተማረ፣ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ውድድር ገባ። ይህን ታሪክ ለአባትሽ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ትንሽ ቆይቶ «እሱ ጎበዝ ነበር» አለኝ። እኔም «አንተስ?» አልኩት። አልመለሰልኝም፤ መቁጠሪያውን ግን በቀኙ ያዘ።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚላከው የደም ግፊት መለኪያ ነው፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሁን፣ የእጅ አንጓውን አትግዢ። የታናሽ ወንድምሽ ሚስት ማንበብ ስለምትችል እሷ እየለካች ትጽፋለች፣ እኔ አያለሁ። ግፊቱ ተረጋግቶ ኪኒኑን ሳያቋርጥ መውሰዱን ሳይ፣ ፊዚዮቴራፒስቱም እግሩን አይቶ ይሆናል ሲል እደውልልሻለሁ፤ ያኔ ቀበቶውን ግዢ። ከዚያ የሚመጣ አስተማማኝ ሰው ስታገኚ ቀኑን ንገሪኝ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ እቀበለዋለሁ። የአጠቃቀም ወረቀቱን ደግሞ ከካርቶኑ ውስጥ አውጥተሽ እንዳትጥዪው።